«ፍሪክስ ኤንድ ጊክስ»፦ ድል ያልተሰጣቸው ተማሪዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ከቤተሰቤ ጋር ወደ አሜሪካ ስመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። በዚያው ዓመት «ፍሪክስ ኤንድ ጊክስ» የሚባል የተማሪዎች ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ ስለነበር፣ እንግሊዝኛውን በግማሽ እየተረዳሁም ቢሆን እከታተለው ነበር። ሰሞኑን እንደገና ሳየው ያኔ ያናድደኝ የነበረው አባት ትክክል ሆኖ ታየኝ። ኪም የተባለችው ልጅ ሊንዚን ስትጠላት ከርማ በድንገት ጓደኛዋ የሆነችበት ምክንያት ደግሞ ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን አይቼው የማላውቀው ክፍል አገኘሁ። ይህን የመሰለ ሥራ ለምን በአንድ ዓመት ተቋረጠ? የ14 ዓመት ልጄስ ብታየው ምን ትላላችሁ?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከኪም እንጀምር፤ የእርስዎ ትዝታ ምንም ስህተት የለበትምና። ሁለቱ ልጆች የሚቀራረቡበት 4ኛው ክፍል በኤንቢሲ ጣቢያ ፈጽሞ አልታየም። ኪም ጨዋ ጓደኛ እንዳላት ለቤተሰቧ ለማሳየት ሊንዚን ራት ትጋብዛታለች፤ ራቱም በስድብና በግርግር ተበትኖ ሁለቱም ከቤቱ ሸሽተው ይወጣሉ። ሊንዚ ከዚያች ቀን በኋላ የኪምን ክፋት ከምን እንደመጣ ስለምታውቅ፣ ልትጠላት ብትፈልግ እንኳ አትችልም። ተመልካቹ ግን ይህን ሳያይ ወደሚቀጥለው ክፍል ስለተሻገረ ነገሩ ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም። በኤንቢሲ ሳይታዩ የቀሩት 3 ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2000 መኸር ላይ ፎክስ ፋሚሊ በተባለው የኬብል ጣቢያ ተላልፈዋል።

የድራማውን መሠረት ለማያውቁ አንባቢዎቻችን በአጭሩ እናስረዳ። ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 በሚቺጋን ግዛት፣ ቺፔዋ በተባለች የፈጠራ ከተማ ውስጥ በሚገኘው የማኪንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ደራሲው ፖል ፊግ ራሱ በሚቺጋን ያደገ ሲሆን፣ ዋና ፕሮዲዩሰሩ ጀድ አፓታው ነበር። ሊንዚ ዊር በሒሳብ ውድድር ትምህርት ቤቷን የምትወክል ጎበዝ ተማሪ ብትሆንም፣ የአባቷን አሮጌ የወታደር ጃኬት ለብሳ ክፍል እየዘለሉ ሲጋራ ከሚያጨሱት ልጆች ጋር መዋል ትጀምራለች። ታናሽ ወንድሟ ሳም በበኩሉ ከኒልና ከቢል ጋር ሆኖ የጉልበተኞች መቀለጃ ነው።

የመቋረጡን ምክንያት በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሰዓቱ ጉዳይ ነው፤ እውነትም ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሴፕቴምበር 25 ቀን 1999 ቅዳሜ ምሽት ተላለፈ፤ ስለ ወጣቶች የተሠራ ድራማ ወጣቶች ቤታቸው በማይገኙበት ምሽት መመደቡ በራሱ ቅጣት ነው። በየመካከሉ እየተቋረጠ ሰንብቶ በ2000 መጀመሪያ ወደ ሰኞ ሲዛወርም፣ በዚያን ጊዜ አሜሪካን ሁሉ በያዘው የሚሊየነር የጥያቄ ውድድር ፊት ተጣለ። ከተሠሩት 18 ክፍሎች 12ቱ ከታዩ በኋላ በማርች ወር ተሰረዘ፤ ከቀሩት 6 ውስጥ ኤንቢሲ 3ቱን ብቻ ከተሰረዘ በኋላ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም ባይ ነኝ። የጣቢያው ኃላፊዎች ገጸ ባሕርያቱ አልፎ አልፎ እንኳ ድል እንዲቀምሱ ይፈልጉ እንደነበር አዘጋጆቹ ደጋግመው ተናግረዋል፤ አዘጋጆቹ ደግሞ ለዚህ ፈቃደኛ አልነበሩም። ድል ሲሰጡም እንዴት እንደሰጡ ይመልከቱ። ሳም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሲንዲ የምትባለውን ቆንጆ የደጋፊ ጭፈራ ቡድን አባል በሩቁ ሲያፈቅር ይቆይና በመጨረሻ የሴት ጓደኛው ትሆናለች። በሌላ ድራማ ቢሆን ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ሳም እሱን በሳቅ የሚያፈርሰው ኮሜዲ ፊልም እሷን ፈገግ እንደማያሰኛት፣ አብረው ሲቀመጡም የሚያወሩት እንደሌላቸው ቀስ በቀስ ይረዳና ራሱ ይለያታል። የተመኘውን ያገኘ ልጅ ካገኘው በኋላ ሲሰለቸው ማየት ለማስታወቂያ ሻጭ ጣቢያ የሚመች ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ድራማውን ትኩስ ያደረገው ግን ይኸው ነው።

ከሁሉም ደጋግሜ የማየው ትዕይንት በ14ኛው ክፍል ይገኛል። ረጅሙና ባለመነጽሩ ቢል ከትምህርት ቤት ተመልሶ በቁልፉ ከፍቶ ሰው የሌለበት ቤት ይገባል፤ እናቱ ሥራ ላይ ናት። ቺዝ ያለበት ዳቦ ይጠብሳል፣ ኬክ ይቆርጣል፣ ወተት ይቀዳል፣ ከዚያም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ጋሪ ሻንድሊንግ የተባለውን ኮሜዲያን እያየ አፉ በምግብ እንደተሞላ በሳቅ ይንፈራፈራል። ንግግር የለም፤ የሚሰማው የ«ዘ ሁ» ባንድ ዘፈን ብቻ ነው። ቢል በመስክ ጨዋታ መጨረሻ የሚመረጥ፣ ሁሉም የሚስቅበት ልጅ መሆኑን እናውቃለን፤ በዚያ ሰዓት ግን ማንም አያስፈልገውም። ሊታዘንለት ይገባል ብሎ የሚጠብቅ ተመልካች የሚያዝንበት ነገር ያጣል። ይህም ክፍል ኤንቢሲ ካላሳያቸው 3ቱ አንዱ ነው፤ ፍርዱን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ወደ አባትየው እንመለስ። ሃሮልድ ዊር የስፖርት ዕቃ መደብር ያለው፣ ልጆቹን ለመምከር የሚያወራው ታሪክ ሁሉ አጥፊው ሞቶ የሚያልቅበት ሰው ነው። በ15 ዓመት ዕድሜ ሲያዩት አስቂኝ ጨቋኝ ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር ሳይታይዎት አልቀረም። ኒክ የተባለው የሊንዚ ጓደኛ ከበሮ መቺ የመሆን ሕልም አለው፤ ወታደራዊ ሥርዓት ያለው አባቱ ከበሮዎቹን ሲሸጥበት ከቤቱ ወጥቶ ዊሮች ዘንድ ይጠጋል። በልጁ ከበሮ ይነጫነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ሃሮልድ የጃዝ ሸክላ አውጥቶ እውነተኛ ከበሮ መቺ ምን እንደሚመስል ያሰማዋል። ያኔም ድራማው ይህንኑ ሰው ነበር ያሳየዎት፤ የሚያዩበት ወንበር ነው የተቀየረው።

ስለ ልጅዎ፦ ብታየው መልካም ነው፣ ነገር ግን ብቻዋን ባታየው ይመረጣል። ማሪዋና የሚጨስበት፣ ስለ ወሲብ በግልጽ የሚወራበትና የቤት ውስጥ ግጭት የሚታይበት ክፍል አለው፤ ሁሉም ያለ ማጋነን፣ ከነመዘዙ ቀርቧል። የእምነት ቤተሰብ ከሆናችሁ ግን ከእነዚህ ይልቅ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሊንዚ አያቷ ስትሞት ብቻዋን አጠገቧ ነበረች፤ ምን ይታይሻል ብላ ስትጠይቃት አያቷ «ምንም» ብላ እንደሞተች ለወንድሟ ትነግረዋለች። የልጅቷ መቀየር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ ዝም አትልም፤ ጥያቄው ሲመጣ ሶፋው ላይ አጠገቧ ቢገኙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተዋናዮቹ ሴዝ ሮገንና ጄሰን ሲገል ገና ሳይታወቁ አብረው የሠሩት ይህንኑ ድራማ እንደሆነ ሰማሁ። ቀጣይ ምዕራፍ ይጠበቅ ይሆን?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይጠበቅም፤ ባይኖርም ደስ ይለኛል። አዎን፣ ሁለቱም ከጄምስ ፍራንኮና ከሊንዳ ካርዴሊኒ ጋር የታወቁት በዚህ ሥራ ነው፤ ድራማው ከተሰረዘ በኋላ የኤሚ ሽልማት ያገኘውም በተዋናይ ምርጫው ነበር። ፊግ መሰረዙ እንደማይቀር ስለጠረጠረ የመጨረሻውን ክፍል ራሱ ጽፎና አዘጋጅቶ አስቀድሞ ቀርጾታል። ስለዚህ ታሪኩ በድንገት ተቆርጦ አልቀረም። ሊንዚ ለጎበዝ ተማሪዎች ወደተዘጋጀ የክረምት ፕሮግራም ሄድኩ ብላ ቤተሰቧን ተሰናብታ፣ ከመንገድ ላይ የሮክ ባንድ ተከትለው ከሚዞሩ ወጣቶች ጋር ተቀላቅላ ትሄዳለች። ክፍል በመዝለል የሚታወቀው ዳንኤል ደግሞ ከሳምና ከጓደኞቹ ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሊጫወት ይቀመጥና ሳያስበው ደስ ይለዋል። ሳምን ሆኖ የተወነው ጆን ፍራንሲስ ዴሊ በ2023 በዚያው ጨዋታ ላይ የተመሠረተውን ትልቅ ፊልም ከባልደረባው ጋር አዘጋጅቷል።

ሊያዩት ሲነሡ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ክፍሎቹ በቴሌቪዥን በታዩበት ሳይሆን በተጻፉበት ቅደም ተከተል የተደረደሩ ይሁኑ፤ ሙዚቃውም ያልተቀየረ ይሁን። ዘፈኖቹን ለቤት ሽያጭ ለመጠቀም የተለየ ክፍያ ስለሚጠየቅ ዲቪዲው እስከ 2004 ድረስ ሊወጣ አልቻለም ነበር፤ አዘጋጆቹ ዘፈን ቀይረው ቶሎ ከማውጣት መጠበቁን መርጠዋል።