«መጨረሻዬ ያስፈራኛል»

ጤና ይስጥልኝ። ጌታን ካመንኩ ዓመታት አልፈዋል። ድሮ ለጸሎት ከተንበረከክሁ ሰዓቱ አይታወቀኝም ነበር። አሁን አንዱን ምዕራፍ ደጋግሜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቀውም፤ «አባት ሆይ» ብዬ ጀምሬ ሐሳቤ ሥራ ቦታ ይገኛል። አብረውኝ ከጀመሩት እምነቱን የተዉ አሉ፤ ተረኛዋ እኔ እሆን እያልኩ እሰጋለሁ። አንድ የማከብራቸው ሰው «ጸጋው ርቆሻል፤ በርትተሽ ጹሚ» አሉኝ። ጾምኩ፤ ለውጥ የለም። ግብዝ መሆን ስለ ሰለቸኝ ከጸሎት ኅብረታችን ልቀር ነው። እስከ መጨረሻው መጽናት የምችል አይመስለኝም።
ደካማዋ

እህቴ፣ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ እስማማለሁ፤ አትችዪም። እችላለሁ ያለውማ ጴጥሮስ ነበር። «ወደ ወኅኒም ወደ ሞትም» ብሎ በፎከረበት ሌሊት፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ገረድ ትኩር ብላ ብታየው ካደ። ሉቃስ 22ን ስታነቢ ግን ጌታ አስቀድሞ ያለውን ልብ በዪ፦ «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ»። እንዳይወድቅ አልለመነለትም፤ መውደቁንማ ራሱ ነግሮታል። የለመነው እምነቱ እንዳይጠፋ ነው። ቀጥሎም «በተመለስህ ጊዜ» አለው፤ ገና ሳይክድ መመለሱ ተነግሮለታል። ጴጥሮስን ያቆመው ይህ ምልጃ ነው፤ ዕብራውያን 7፥25 እንደሚለው ምልጃው ዛሬም አልተቋረጠም። ስለዚህ ጸጋው ራቀሽ በሚለው አልስማማም። የራቀሽ ስሜቱ ነው፤ ስሜት ደግሞ ይመጣል ይሄዳል።

ስለ ጾሙ፣ እኚያ ሰው ለክፋት አላሉሽም፤ ለዛለ ሰው ግን ሁልጊዜ መድኃኒቱ እሱ አይደለም። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና» ብሎ አበላው። ተግሣጽ አልጀመረም። ለመሆኑ በደንብ ትተኛለሽ?

ጸጋ ያጸናኛል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አለ፤ አንቺን ግን እሱ አያሰጋሽም።

ከኅብረቱ አትቅሪ። ደክሞሽ መሄድ ግብዝነት አይደለም፤ ደክሞሽ «ደህና ነኝ» ማለቱን ነው መተው ያለብሽ። ጴጥሮስም «ወንድሞችህን አጽና» የተባለው ሰው በሰው ስለሚጸና ነው። ከመካከላቸው ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ምረጪና ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪው። ለጸሎት ቃል ባጣሽ ቀን ደግሞ መዝሙር 88ን፣ በሌላው አቆጣጠር 87ን፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ነው፤ ሆኖም ለእግዚአብሔር የቀረበ ጸሎት ነው።