ከባህር ዳር ደርሶ መልስ፦ ስለ ዘጌ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄ በብዛት አንድ አካባቢ ነው የሚዞረው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ለመግባት የት ይኬዳል የሚል። እስቲ እንያቸው።

*ከባለቤቴ ጋር የጋብቻ በዓላችንን ወይን እርሻ በመጎብኘት ማክበር አስበናል። ከባህር ዳር በአንድ ቀን ይቻላል? (ከሽምብጥ)*

እንኳን አደረሳችሁ! አይቻልም። የምታስቡት ዓይነት ሰፊ የወይን እርሻ ያለው ዝዋይ ነው፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ። የወይን ጠጅ አምራቹ ካስቴል እዚያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉ የወይን ዓይነቶች ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ አቅርቧል። ለመሄድ ከቆረጣችሁ አዲስ አበባ እደሩ፣ በማለዳ ውጡ፣ ጉብኝቱንም ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን እኔን ስሙኝና ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ወዳለችው ልሳነ ምድር፣ ዘጌ ሂዱ። የምንጠጣው ነገር ከየት እንደሚመጣ ከሥሩ ማየት ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ እዚያ ቡናውም የጠላችን ጌሾም አንድ ደን ውስጥ ነው ያለው።

*ዘጌ አስጎብኚ መያዝ የግድ ነው? ለብቻችን ብንዞርስ?*

ያዙ፣ በተለይ የዘጌን ልጅ። ብዙ ሰው ከጀልባ ይወርዳል፣ በቀጥታ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ይወጣል፣ የመቅደሱን ሥዕል ፎቶ ያነሳል፣ በዚያው ይመለሳል። መንገዱን ሙሉ ሲሄድ የነበረው በቡና መሃል መሆኑን ልብ እንኳ አይልም! ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የአገሩ ልጅ ግን ዋንዛውንና ብርብራውን እያሳየ ቡናው ለምን ጥላ እንደሚወድ ያስረዳችኋል። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በበሬ ማረስን ከልክለው ቡናና ጌሾ ባርከው እንደሰጡ የሚተረከውንም ከአያቶቹ እንደሰማው ይነግራችኋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሄዳችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ቀይ ፍሬ ቅመሱ፤ ልጣጩ ይጣፍጣል፣ ውስጡ ያሉት ሁለቱ ፍሬዎች እየተሙለጨለጩ ከጣት ያመልጣሉ። በየደጁ የተሰጣውን ደግሞ አጎንብሳችሁ እዩት፤ የትናንቱ ገና ቀይ ነው፣ የቆየው ጠቁሮ ተጨማዷል፣ በእጅ ሲታመስ ይንኳኳል።

*የጀልባው ነገር ያሳስበናል። እንዳንጭበረበር ምን እናድርግ?*

ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍላችሁም። ጀልባ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ በሰው ሳይሆን በሙሉው ነው፣ ስለዚህ ወደቡ ላይ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ፈልጉና ተካፈሉ። ሞተሩ ሳይነሳ ሁሉንም ተነጋገሩ፦ የት የት ይቆማል፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ አስጎብኚው ሂሳቡ ውስጥ አለ ወይስ የለም። የገዳም መግቢያ ለብቻው እዚያው ይከፈላል። የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ካልደረሰ አትሳፈሩ፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ጣና ይናወጣል። ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን እግረ መንገዴን ልይ ያላችሁ ደግሞ ተዉት፣ የራሱን ቀን ስጡት። ከመሄዳችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

*ሴቶች ሁሉም ገዳም መግባት ይችላሉ?*

ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አዎ። ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ ነው፣ ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችም ይገባሉ። ነጠላ ያዙ፣ ለማውለቅ የሚቀል ጫማም አድርጉ።

*እናቴ ዘጌን ማየት ትፈልጋለች፣ ውሃ ግን ትፈራለች።*

በመኪናም ይደረሳል፣ ይምጡ! ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ ድንጋይና ዳገት ስላለው ምርኩዛቸውን ይያዙ፣ እናንተም አታጣድፏቸው።

*የዘጌ ቡና የት ልግዛ?*

እዚያው፣ ከለቀመው ቤት። ገንዘቡ ለደከመበት ሰው ይድረስ። ጥሬውን ፍሬ ንከሱት፤ ጠንክሮ ጥርስ ከመለሰ ደርቋል፣ ከለሰለሰ እርጥበት ስላለው ቤት ሲቀመጥ ይሻግታል። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀውን ቡና፣ ከገዛችሁ ሲወቀጥ ክብደቱ ግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ 2 ኪሎ ንጹህ ቡና የፈለገ 4 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ያስመዝን።