አይፈል፦ ማአሮች፣ ላኸር ሐይቅና ጥብቅ ቦታዎች (ጥያቄና መልስ)

ባዛልት፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምመልሰው በኮሎኝና በትሪር መካከል ስላለው የአይፈል የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ስትጠይቁ ከየት እንደምትነሱ፣ በባቡር ይሁን በመኪና፣ ልጆች ይኖሩ እንደሆነ ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፦ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ፣ መሀሉ ላይ ንስር ያለበት ባለሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ካያችሁ ጥብቅ ቦታ ገብታችኋል። ከመንገዱ አትውጡ፣ እሳት አታንድዱ፣ ድንጋይም አበባም አታንሱ፣ ውሻ በማሰሪያ ይያዝ። በምሥራቅ ጀርመን ሰሌዳው ቢጫ ሆኖ ጉጉት ሊኖርበት ይችላል፤ ጥብቅነቱ ያው ነው።

ሳሮን፦ ጋሼ፣ ጀርመን ውስጥ ምርጡ ሐይቅ የቱ ነው?

ባዛልት፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ከየት ነው የምትነሺው? ለመዋኘት ነው፣ በእግር ለመጓዝ ነው ወይስ ድንጋይ ለማየት?

የቢሾፍቱ ልጅ፦ ማአር የሚሉት እንደ ሆራና ባቦጋያ ያለ ነው? እንዴት ተፈጠረ?

ባዛልት፦ ይኼ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ወገናቸው አንድ ነው። ከታች የሚወጣው ቅልጥ አለት የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ዙሪያውን ያለውን አለት ፈነቃቅሎ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ጉድጓዱ ከመሬቱ ወለል በታች ይቆፈራል፤ ኋላ ውሃ ይሞላዋል። ተራራ ሠርቶ አናቱ ላይ ጉድጓድ ያበጀ እሳተ ገሞራ ሌላ ነው። ያንን ማየት የፈለገ ሞዘንበርግ ላይ ያለውን የቪንድስቦርን ሐይቅ ይይ፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም።

በማአሮቹ ጠርዝ አሮጌ ቁፋሮ ያለበት ቦታ ስታገኙ፣ ሳትነኩ፣ ቀረብ ብላችሁ ግድግዳውን እዩት። ጥቁርና ግራጫ አመድ እንደ እንጀራ ተደራርቧል። በየንብርብሩ መካከል ጥፍር የሚያህል ጠፍጣፋ ግራጫ ስባሪ ተሰክቷል። እሱ ከእሳተ ገሞራው አይደለም፤ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የባሕር ጭቃ ነው፣ ፍንዳታው ከሥር ቆርሶ ያወጣው። ቀይ አሽ የሚጫንበትን የደብረ ዘይት መንገድ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል፦ ቀይ አሽ ከቅልጥ አለቱ ራሱ ነው፣ ይኼኛው ግን በአብዛኛው የተፈጨ ነባር አለት ነው።

ስሙ ከላቲኑ "ማሬ"፣ ባሕር ከሚለው የመጣ የአካባቢው ሰው ቃል ነው። የትሪሩ መምህር ዮሐን ሽታይኒንገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሳይንስ አስገባው፤ ዛሬ የቢሾፍቱዎቹም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ጥልቁ ፑልፈርማአር 72 ሜትር ያህል ነው፤ የእናንተው የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይበልጠዋል። ከሁሉ ታናሽ የሆነው የኡልመኑ ማአር ዕድሜው 11,000 ዓመት አካባቢ ነው።

ተጓዥ፦ ታዲያ ትልቁ ማአር ላኸር ሐይቅ ነዋ። 3.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

ባለሳይክሉ፦ ላኸር ማአር አይደለም፣ ካልዴራ ነው።

ተጓዥ፦ ክብ ነው፣ ውሃ አለው፣ አመድ ከቦታል። ምን ቀረው?

ባለሳይክሉ፦ ክብ የሆነ ሁሉ ማአር ከሆነ ወንጪም ማአር ሊሆን ነው!

ባዛልት፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ፍንዳታው ሲጀምር ውሃና ቅልጥ አለት ተገናኝተው ነበር፣ ግራ መጋባቱ ከዚያ ይመጣል። ሐይቁን የያዘውን ጎድጓዳ የሠራው ግን ከሥር ያለው የቅልጥ አለት ቋት ባዶ ሲሆን ጣሪያው መደርመሱ ነው። ስለዚህ ካልዴራ ነው፤ ባለሳይክሉ ልክ ነው። ከዛሬ 13,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲፈነዳ ፑሚሱ (ጋዝ የቦረቦረው ቀላል ነጭ ድንጋይ) የራይንን ወንዝ ገድቦ ሐይቅ አስተኝቶበት ነበር። አመዱ እስከ ስዊድንና ሰሜን ጣሊያን ድረስ በሐይቅ ወለሎች ውስጥ እንደ አንድ ስስ መስመር ይገኛል፤ ተመራማሪዎች ከሱ በላይና በታች ያለውን ደለል ዕድሜ የሚለኩበት ምልክት ሆኗል።

እናት ከቦን፦ ጋሼ፣ ላኸር ዳር ጋዝ ይወጣል ሲባል ሰማሁ። ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ ሐይቅ ሰው ፈጅቶ የለ? ልጆቼን ይዤ ልሂድ?

ባዛልት፦ ይሂዱ እንጂ፣ እመቤቴ፤ ጥያቄዎ ግን ተገቢ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ውሃው ሽሮ እንደተጣደበት ድስት ሲንተከተክ ያያሉ። እጅዎን ቢከቱበት ቀዝቃዛ ነው፤ የፈላ ውሃ ሳይሆን ከጥልቅ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኒዮስ በ1986 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1,700 ሰው ገደማ የገደለው የሥረኛው ውሃ ከላይኛው ጋር ሳይቀላቀል ጋዙን ለረጅም ጊዜ ስላከማቸ ነው። ላኸር ግን በየዓመቱ በብርዱ ወራት የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ከብዶ ይሰምጣል፣ ሐይቁ ከሥር እስከ ላይ ይገለበጣል፣ ጋዙም እየተነፈሰ ይወጣል።

የሚያስፈራው ትንሹ ነገር ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ይተኛል። ቆሞ የሚሄድ ሰው አይነካውም። ሕፃን ግን አረፋው አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ አያስቀምጡ፣ ውሻም አይተኛ፣ ማንም ሰው ለፎቶ ብሎ ፊቱን ወደ መሬት አይድፋ። ራስ ምታት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

ሳሮን፦ ከኮሎኝ ነው የምነሳው፣ በባቡር፣ በእግር ለመጓዝ። አሁንስ?

ባዛልት፦ አሁን ተግባባን። በክልል ባቡር ወደ ጌሮልሽታይን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ዳውን። የዶይችላንድ ቲኬት (በየወሩ የሚከፈለው የክልል መጓጓዣ ትኬት) ለሁለቱም ይሠራል፣ ለፈጣኖቹ ባቡሮች ለአይሲኢና ለአይሲ አይሠራም። መስመሩን የሐምሌ 2021 ጎርፍ ክፉኛ ጎድቶት ጥገናው ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት በነበረው ማታ መርሐ ግብሩን እዪ። እሑድ አውቶቡስ ጥቂት ነው፣ የመመለሻውን ሰዓት ቀድመሽ ጻፊው።

ከዳውን ወደ ገሙንደነር ማአር ውረጂ፣ ከዚያ ሞይዘበርግ ላይ ወዳለው የድሮንከ ግንብ ውጪ (561 ሜትር)፣ በወዲያ በኩል ወደ ቫይንፌልደር ውረጂ፣ በመጨረሻ ሻልከንሜረን። ግማሽ ቀን ይበቃል። ቫይንፌልደርና ሻልከንሜረን የሚለያዩት በአንዲት ጠባብ ጀርባ ብቻ ነው፤ የቫይንፌልደር ውሃ ግን 60 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ ቆመሽ ግራና ቀኝ ስታዪ ሁለቱ ውሃዎች እንደማይገናኙ በዓይንሽ ትረጃለሽ። ዝናብ ከነበረ ቁልቁለቱ ላይ የቅጠሉ ሥር ጭቃ ነው፤ ስኒከር ያንሸራትታል።

ኪያ፦ የት የት መዋኘት ይቻላል?

ባዛልት፦ በገሙንደነር፣ በሻልከንሜረንና በፑልፈርማአር፣ በተከለለው የመዋኛ ቦታ ብቻ። ቫይንፌልደር ክልክል ነው፣ ጥብቅ ቦታ ነው። አሁን አጥብቄ የምናገረው፦ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ዋኝቶ ያደገ ሰው እዚህ ራሱን እንዳያምን። በሐምሌ ላዩ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ ጥቂት ሜትር ወረድ ሲሉ ግን ይቆረጣል፣ ከ10 ሜትር በታች የማቀዝቀዣ ውሃ ነው። ዳርቻው እንደ ጣሪያ ቁልቁል ስለሚወርድ ሁለት እርምጃ ገብቶ እግር መሬት ያጣል። ብርዱ ሲመታ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ አለቀ። ዘላችሁ አትግቡ። አንገትና ደረት አርሱ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ወደ መሀል ሳይሆን ከዳርቻው ትይዩ ዋኙ፣ ደማቅ ተንሳፋፊ በገመድ ወገብ ላይ እሰሩ።

ቤኪ፦ ቫይንፌልደር ውስጥስ ትንሽ እግር መንከር?

ባዛልት፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። ክልክል ነው።

ማኅሌት፦ ከሰልና ጀበና ይዘን ሐይቁ ዳር ቡና ማፍላት ይቻላል?

ደሳለኝ፦ እኛ ስንት ጊዜ አፍልተናል፣ ማንም ምንም አላለን።

ባለሳይክሉ፦ ማንም አለማለቱ ፈቃድ አይደለም። በደረቅ ነሐሴ አንዲት ፍንጣሪ ጫካ ትጨርሳለች።

ደሳለኝ፦ የቡና ከሰል ስንት ነው? እፍኝ!

ማኅሌት፦ በጋዝ ምድጃስ?

ባዛልት፦ በራይንላንድ ፋልትስ ከጫካ በ100 ሜትር ውስጥ ያለ ፈቃድ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ እፍኝም ሙሉ ማዳበሪያም አንድ ነው። ማአሮቹ ደግሞ ዙሪያቸው ጫካ ነው። ጋዙንም ተዉት። መላው ቀላል ነው፦ ብዙዎቹ መንደሮች ግሪልሁተ የሚባል ጣሪያና የእሳት ቦታ ያለው ዳስ አላቸው። የመንደሩን አስተዳደር ቀድሞ ጠይቆ መከራየት ነው። የዕጣኑንና የማጨሻውን ነገር ስትጠይቁ አብራችሁ ንገሯቸው፣ ጭስ አይቶ እሳት አደጋ የሚጠራ ጎረቤት አይጠፋም። ካልሆነ ቤት አፍልቶ በፔርሙዝ።

ዮኒ፦ ድሮን? ዓሣ ማጥመድ?

ባዛልት፦ ድሮን በጥብቅ ቦታ ላይ አይበርም። ዓሣ ፈተና ተፈትኖ የሚወጣ የመንግሥት ፈቃድ፣ ከዚያ ላይ የሐይቁ ፈቃድ ይፈልጋል።

እናት ከቦን፦ ልጆቹ የሚወዱት ነገርስ?

ባዛልት፦ የአንደርናኹ ጋይዘር፣ ከመሬት ውስጥ ውሃ ወደ ላይ የሚተፋ ምንጭ። እስከ 60 ሜትር ይወጣል፣ ከቀዝቃዛ ጋይዘሮች በከፍታ በዓለም አንደኛ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነቅንቀው ቢከፍቱ የሚሆነው ነው፦ 350 ሜትር በሚወርድ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ጋዝ ይጠግባል፣ የመጀመሪያዎቹ አረፋዎች ጥቂት ውሃ ገፍተው ሲያወጡ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያኔ የቀረው ጋዝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጥብቅ ቦታ ውስጥ ስለሆነ በእግር አይደረስም፤ ከከተማው ሙዚየም በጀልባ ነው፣ በብርዱ ወራት ይዘጋል። ርካሹን ከፈለጉ ቫለንቦርን መንደር መሀል በግማሽ ሰዓት ልዩነት ገደማ ጥቂት ሜትር የሚዘል አለ። ሽትሮን ላይ ደግሞ 5 ሜትር ስፋት፣ 120 ቶን የሚመዝነው የላቫ ድንጋይ።

ቤኪ፦ ከፍራንክፈርት ቅርብ ምን አለ?

ባዛልት፦ ሜሰል፣ ዳርምሽታት አጠገብ። እሱም የ48 ሚሊዮን ዓመት ማአር ነው፤ ሐይቁ ጠፍቶ ወለሉ ነው የቀረው። በ1995 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ከዚያ በፊት የቆሻሻ መጣያ ሊያደርጉት ነበር። ድንጋዩ 40 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ከተቆፈረ በኋላ አየር ሲነካው ይሰነጠቃል፣ በውስጡ ያለው የፈረስ ወይም የሌሊት ወፍ ቅሪትም አብሮ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ቅሪቱን እርጥብ አድርገው ይዘው ወደ ሰው ሠራሽ ሙጫ የሚያዛውሩት። ጉድጓዱ ውስጥ ያለ አስጎብኚ አይገባም።

ኪያ፦ ስለ መዥገር አንድ ነገር ቢሉን?

ባዛልት፦ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲው ከላይ። ማታ ከጉልበት ኋላ፣ ብብትና የልጆች ፀጉር ሥር ፈትሹ። ቆዳው ላይ ተጠግቶ በሚይዝ ወረንጦ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ዘይትና ቅባት አትቀቡ፣ ሲጨነቅ የያዘውን ወደ ሰውነት ይመልሳል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካያችሁ ያለ ቀጠሮም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ደሳለኝ፦ ላኸር ዳር አንዲት ቀላል ነጭ ድንጋይ ይዤ ብመለስ ማን ይጎዳል?

ባዛልት፦ ሰሌዳው ያለበት ቦታ ከሆነ አታነሳም። ፑሚስ በእጅህ መያዝ ከፈለግህ ሜንዲሽ ወዳለው የላቫ ሙዚየም ሂድ፤ ከሱ ጋር 30 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ወዳለው የባዛልት ድንጋይ ቁፋሮ በአስጎብኚ ትወርዳለህ። በበጋም ቢሆን ከ10 ዲግሪ በታች ነው፣ ጃኬት ያዝ።

ቤኪ፦ ቫይንፌልደር በጀልባስ?

ባዛልት፦ አይቻልም።