ሬምብራንት አምስተርዳምን ገልብጦ ነው እንዴ የሳላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ የሬምብራንትን የአምስተርዳም እይታ፣ ያቺን ትንሽ ጥቁርና ነጭ ስራ ኢንተርኔት ላይ አይቼ በጣም ስለወደድኳት ለጓደኛዬ ላኩላት። እሷ እዛ ከተማ ኖራለች፣ ወዲያው «ይሄ እኮ ተገልብጧል፣ በግራ መሆን ያለበት በቀኝ ነው ያለው» አለችኝ። ያን የሚያህል ሰዓሊ እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? ደግሞስ ታትሞ የሚባዛ ከሆነ ያው ኮፒ ነው አይደል፣ ሙዚየሞች ለምን እንደ ብርቅ ያስቀምጡታል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት፣ አይኗም የሚገርም ነው። ሰውየው ግን አልተሳሳተም፣ ግድ አልሰጠውም ብንል ይሻላል።

ያየሽው ስራ ኤቺንግ የሚባለው ነው፣ ከተጫረ የመዳብ ሰሌዳ የሚታተም ስዕል ማለት ነው፣ ወረቀት ላይ የሚሳል ነገር አይደለም። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ያለበት ስስ ነገር ይቀባና ሰዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል፣ ከዛ ሰሌዳው አሲድ ሲነካው መርፌው ያለፈበትን መዳብ ብቻ አሲዱ ይበላዋል፣ ሰም ያለበትን አይደፍርም (እዚህ ሰምና ወርቅ ሳይሆን ሰምና መዳብ ነው ጨዋታው)። ሰሙ ይነሳል፣ ጭረቶቹ ቀለም ይጠጣሉ፣ ላይ ላዩ ይወለወላል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት ማተሚያው ውስጥ ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ከጭረቱ ውስጥ መጥጦ ያወጣዋል። ልክ እንደ ማህተም ማለት ነው፣ ሰሌዳው ላይ በግራ የነበረው ወረቀቱ ላይ በቀኝ ይወጣል። ሬምብራንት በ1640 ገደማ (እ.ኤ.አ. ነው ሁሉም) ከተማውን እንዳየው ሰሌዳው ላይ አሰፈረ፣ ማማውም የነፋስ ወፍጮውም በህትመቱ ቦታ ተለዋወጡ። አስቀድሞ ገልብጦ መሳል ይቻል ነበር፣ እሱ ግን የፈለገው ካርታ ሳይሆን ያንን ዝርግ መሬትና ከላዩ ያለውን ባዶ ሰማይ ነው መሰለኝ።

ስህተት ካማረሽ ግን አለልሽ። በ1647 ሬምብራንት ያን ሲክስ የሚባል ወዳጁን መስኮት ተደግፎ ሲያነብ ሰርቶታል፣ ክፍሉ ጨለማ ነው ብርሃኑ ከጀርባው እየገባ ፊቱንና የያዘውን ወረቀት ብቻ ይነካል፣ ጥቁሩም የተቀባ ሳይሆን ጭረት በጭረት ላይ ተደራርቦ የመጣ ነው፣ ጠጋ ብለሽ ካላየሽው አታምኚም። እና ይሄን ሁሉ ተጠንቅቆ ሰርቶ አመተ ምህረቱን ሲጽፍ 6ና 4ን ገልብጦ መጻፍ ረሳ፣ ወረቀቱ ላይ ዞረው ወጡ፣ በኋላ ሰሌዳውን አርሞ እንደገና አሳተመ። የራሱን ፊት በመስታወት እያየ የሰራቸው ላይ ደግሞ የሚያስቀው ነገር መስታወቱ አንዴ ይገለብጠዋል ህትመቱ ሁለተኛ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ ሰው እንደሚያየው ሆኖ ይወጣል።

ኮፒ ነው ላልሽው፣ ኮፒ እኮ ኦርጅናል ሲኖረው ነው። እዚህ ኦርጅናል የምትዪው ሰሌዳው ነው፣ እሱ ደግሞ ስዕል ሳይሆን የተቧጨረ መዳብ ነው። ሰዓሊው እያተመ ያያል፣ ይጨምራል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ያትማል፣ ስለዚህ አንዱ ህትመት ከሌላው ይለያል፣ የተገለበጠው 6 ያለበትና የታረመው እንደሚለያዩት። ሬምብራንት ደግሞ መዳቡን ያለ አሲድ በቀጥታ በመርፌ መቧጨርም ይወድ ነበር፣ ያኔ ከጭረቱ ጠርዝ ተገፍቶ የሚቆመው መዳብ ቀለም ይይዝና እንደ ቬልቬት ያለ ለስላሳ ጥቁር ይሰጣል፣ ችግሩ ማተሚያው ቶሎ ይደፈጥጠዋል፣ መጀመሪያ የወጡት ጥቂቶቹ ናቸው ያንን ጥቁር የያዙት። ሰሌዳው ሲያልቅም ሁሉም በክብር አያርፍም፣ መቶ ጊልደር የሚባለውን ትልቅ ስራውን (ጊልደር የድሮ የሆላንድ ገንዘብ ነው፣ ለአንዱ ህትመት ያን ያህል ተከፈለ ተብሎ ነው ስሙ) ከሞተ ከመቶ አመት በላይ ቆይቶ ቤይሊ የሚባል የአየርላንድ ሻምበል ያለቀውን ሰሌዳ ገዝቶ ራሱ ጠጋገነው፣ አሳተመው፣ ኋላ ላይ አራት ቦታ ቆራረጠው። እኔ ይሄን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

መሬትና ተራራ ከወደድሽ ግን ከሬምብራንት በፊት የነበረውን የሆላንድ ሰዓሊ ሄርኩሌስ ሴገርስን ፈልጊ። እሱ አንዱን ሰሌዳ አንዴ በሰማያዊ አንዴ በአረንጓዴ ቀለም ያትማል፣ ወረቀቱን ቀለም ይቀባዋል፣ ሲያሻው ጨርቅ ላይ ያትማል፣ ከህትመቶቹ ሁሉ እስከዛሬ የተረፉት ወደ 180 ናቸው፣ ኮፒ የሚለው ቃል እሱ ጋ ጭራሽ አይሰራም። ከሰሌዳዎቹ አንዱ፣ ጦቢያና መልአኩ የተቀረጹበት፣ ሬምብራንት እጅ ገባ። ሬምብራንት ሁለቱን ሰዎች ፍቆ በቦታቸው ወደ ግብፅ የምትሰደደውን ማርያምን ከነህጻኑና ከዮሴፍ ጋር አስገባ፣ ከጀርባ ያለውን የሴገርስን መሬት ግን አብዛኛውን ሳይነካ ተወው። ዛፎቹን አተኩረሽ ብታዪ በቅጠሉ መሀል ሳይፋቅ የቀረ የመልአኩ ክንፍ አሁንም ይታያል።