ጥያቄና መልስ፦ የነቢያት ጾምና የልደት በዓል በውጭ አገር በሥራና በጉዞ ላይ ላለ ምእመን

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ለሦስት ወራት ያህል ቦርሳዬን በጀርባዬ ተሸክሜ በውጭ አገር ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወርሁ ለመጎብኘት፣ ወጪዬንም በየደረስሁበት ፍራፍሬ በመልቀምና በእንግዳ ማረፊያዎች በመሥራት ለመሸፈን አስቤአለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ጾምና በዓል ጥሎ መንከራተት ኃጢአት ነው» እያሉ ያስጨንቁኛል። በዚያ አገር ልደት የሚከበረው ዲሴምበር 25 ነው፤ ባልደረቦቼ በዕለቱ ወደ ማዕዳቸው ቢጠሩኝ ምን ላድርግ? በእኛ በዓል ቀን ሥራ ብገባስ? የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት የት ላስቀድስ? በመጨረሻም፣ አንዳንድ ማረፊያዎች የጎብኚ ቪዛ ብቻ የያዘውን ሰው አልጋ እየሰጡ በምትኩ ያሠራሉ ይባላል፤ ይህስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ መንገድ መሄድ ኃጢአት አይደለም። አባታችን ያዕቆብ ዮርዳኖስን የተሻገረው በትሩን ብቻ ይዞ ነበር፤ በላባ ቤትም ሃያ ዓመት አገልግሏል (ዘፍ. 31፥41፤ 32፥10)። ቤተሰቦችሽ የሚሰጉት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ካህንና ወዳጅ በማይታይበት ስፍራ ጾም በመጀመሪያ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ የተጀመረበት ቀን እንኳ ይረሳል። ስለዚህ ከመነሣትሽ በፊት ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ የት የት እንደምትሄጂ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠሪ ንገሪያቸው፤ በስልክ የምትገናኙበትንም ጊዜ ከወዲሁ ተቀጣጠሩ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ የሚፈታውም በልደት በዓል ነው። ዲሴምበር 25 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ስለሚሆን፣ በዙሪያሽ ያለው ሰው ሁሉ በዓሉን ሲያከብር አንቺ ገና 13 ቀን ይቀርሻል። ልዩነቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1582 ምዕራባውያን የቀን አቆጣጠራቸውን ሲያስተካክሉ ነው እንጂ፣ የልደቱ እምነት ተለያይቶ አይደለም። ይህን ማወቅሽ ባልደረቦችሽ «የእናንተ ለምን ዘገየ?» ብለው ሲጠይቁሽ ያለ ክርክር እንድትመልሺ ይረዳሻል።

በእነዚህ 13 ቀናት መካከል፣ ማለትም ታኅሣሥ 19፣ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት ያዳነበት በዓል ይውላል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከዳንኤል ጋር ተማርከው በሰው አገር፣ በሰው ቤተ መንግሥት ያገለግሉ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እሳቱን ነው፤ ለአንቺ ሁኔታ ግን ከእሳቱ በፊት ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ከወሰነ በኋላ አልተቆጣም፣ ማዕዱንም አልገለበጠም፤ ወደ አለቃው ሄዶ ለመነ፤ ከዚያም ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየተሰጣቸው ለዐሥር ቀን እንዲፈተኑ ጠየቀ (ዳን. 1፥8-16)። አስቀድሞ መወሰን፣ በጊዜ መጠየቅ፣ በትሕትና መናገር፦ ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ስለ ምግቡ በመጀመሪያ እንነጋገር። በጋራ ማብሰያ ቤት ራስሽ የምታበስዪ ከሆነ ጾሙ ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው፤ አትክልት፣ ጥራጥሬና ሩዝ የማይገኝበት አገር የለም። የሚያስቸግረው የታሸገው ነው። በዳቦና በብስኩት መጠቅለያ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው ዝርዝር ውስጥ የወተት ዱቄት ወይም ቅቤ ሊኖር ይችላል፤ ከረሜላ ውስጥም ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ጄላቲን ይገባል። አንብቢ፤ ሳታውቂ የበላሽው ነገር ግን ዕረፍት እንዲነሣሽ አትፍቀጂ። ምግብ ቤት ስትገቢ ደግሞ «ቪጋን» ተብሎ የተለየውን ማዘዝ እምነትን መደበቅ አይደለም፤ አስተናጋጁ ከጠየቀሽ «ጾም ላይ ነኝ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም» ብትዪ ይበቃል።

የሰዓቱ ጾም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደቡባዊው የምድር ክፍል ዲሴምበር የበጋ ወቅት ነው፤ ለቀማው ጎህ ሳይቀድ ይጀመርና ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ይቀጥላል። በዚያ ሙቀት መሰላል ላይ የቆመ ሰው ውኃ ሳይጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ቢል ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መከልከሉን በምንም ምክንያት አትተዪ፤ የሰዓቱን ነገር ግን ንስሐ አባትሽ እንደ ሥራሽ ክብደት ይወስኑልሽ። በራስሽ አታላዪው፤ በራስሽም አታክብጂው።

ወደ ዲሴምበር 25 ማዕድ ስንመጣ፣ ሂጂ፤ ከእነርሱ ጋር ተቀመጪ። የጠሩሽ በፍቅር ነው፤ ከቤታቸው ርቀው የሚሠሩ ሰዎች በዚያ ቀን ብቸኝነታቸው ይበረታል። የጾም ምግብ ለሁሉም የሚበቃ ያህል አብስለሽ ይዘሽ ግቢ እንጂ ባዶ እጅሽን ሄደሽ የሌላውን ሳህን እየገፋሽ አትቀመጪ። የሚበላው በማይበላው ላይ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ሐዋርያው አዝዟል (ሮሜ 14፥3)። ስጦታ ቢሰጡሽ ተቀበዪ፤ ለበዓሉ መልካሙን ተመኚላቸው። ማዕዱ ወደ ስካር ሲለወጥ ግን ሰዓቱ ገና ቢሆንም ተነሥተሽ ወደ መኝታሽ መሄድ ነው።

ስለ ሥራ ቀን አንድ ምክር አለኝ። በሆቴልና በማረፊያ ሥራ ዲሴምበር 25 ለመግባት የሚፈልግ ሠራተኛ ጥቂት ነው። አንቺ ግን በዓልሽ አይደለም፤ እንግዲያውስ በዚያ ቀን የሌላውን ተራ ወስደሽ ሥሪለት፣ በምትኩም ጃንዋሪ 6 ማታና ጃንዋሪ 7 ተራሽን እንዲሸፍንልሽ ተነጋገሪ። እነርሱ በዓላቸውን ያከብራሉ፣ አንቺም ያንቺን፤ አሠሪውም አይጎዳም። ይህን የምትጠይቂው በዋዜማው ሳይሆን ስትቀጠሪ ነው፤ ቀኑን በጽሑፍ አስይዢ። ልደት ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ ስለሆነ ሥራ ሊሠራበት አይገባም። ጠይቀሽ የተከለከልሽ እንደ ሆነ ግን ሌሊቱን በጸሎት አሳልፈሽ ጠዋት ሥራሽ ብትገቢ፣ ሳይጠይቅ በቸልታ እንደሚሠራው ሰው አትቆጠሪም።

ማስቀደሱን በተመለከተ መንገድሽን በበዓሉ ዙሪያ ቀይሺው። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ከተማ አጣሪና ጃንዋሪ 6 ማታ እዚያ ሁኚ፤ ቅዳሴው በሌሊት ስለሆነ መኝታሽንም በአቅራቢያው ያዢ። ለመቁረብ ከተዘጋጀሽ የ18 ሰዓቱን ጾም ከጉዞሽ ጋር አስልተሽ ያዢ፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የደረሰ ሰው በቅዳሴ መካከል እንቅልፍ ይጥለዋል።

የእኛ በሌለበት ከእኛ ጋር በእምነት አንድ የሆኑት የኤርትራ፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ ማላንካራ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ያኔ ራሷን ካልቻለችው ከኤርትራ ቤተ ክርስቲያን በቀር የሌሎቹ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ከእኛ ጋር በአዲስ አበባ ተሰብስበው አንድነታቸውን ያጸኑ ናቸው። የበዓል ቀናቸው ግን አንድ አይደለም። ኤርትራውያንና ግብፃውያን እንደ እኛ ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ፤ አርመኖች በአብዛኛው ጃንዋሪ 6 ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ ያከብራሉ፤ ሶርያውያንና ሕንዶች ዲሴምበር 25 ያከብራሉ። ስለዚህ ዲሴምበር 25 በሕንዶቹ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰሽ ስትወጪ ጾምሽ አልተፈታም፤ የአንቺ ሥርዓት የእናት ቤተ ክርስቲያንሽ ነው። በእነርሱ ዘንድ ለመቁረብ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ከካህኑ ጋር ተገናኝተሽ ማን እንደ ሆንሽ ንገሪያቸው፤ የንስሐ አባትሽንም ፈቃድ ያዢ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያንም ጃንዋሪ 7 ስለምታከብር ቀኑን ብቻ አይተው የሚሳሳቱ አሉ፤ ሩሲያውያንና ግሪኮች ከእኛ የተለዩት እ.ኤ.አ. በ451 በተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ስለሆነ ከእነርሱ ዘንድ አንቆርብም።

ከእነዚህ አንዳቸውም በሌሉበት ገጠር በዓሉ ከደረሰብሽ፣ በስምንት ሰው ክፍል ውስጥ መብራት አብርተሽ ሌላውን አትቀስቅሺ፤ ወደ ማብሰያው ቤት ወይም ወደ ደጁ ወጥተሽ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፣ ከሉቃስ ወንጌል ሁለተኛውን ምዕራፍ አንብቢ፣ ስገጂ። በስልክ የሚተላለፍ ቅዳሴ ብትከታተዪ መልካም ነው፤ ማስቀደስ ግን አይተካም፤ ወደ ከተማ እንደ ተመለስሽ በመጀመሪያው እሑድ ሄደሽ አስቀድሺ።

የቪዛውን ጥያቄ በመጨረሻ ጠየቅሽ እንጂ ቀዳሚው እርሱ ነበር። በብዙ አገሮች ሕግ ገንዘብ ባይከፈልም እንኳ በአልጋና በምግብ ምትክ መሥራት እንደ ሥራ ይቆጠራል፤ የጎብኚ ቪዛ ደግሞ ይህን አይፈቅድም። እንዲህ አስበሽ እየሄድሽ በድንበር ላይ ለሚጠይቅሽ ሹም «ልጎበኝ ብቻ ነው» ማለት ሐሰት ነው፤ ሐዋርያውም ውሸትን አስወግደን እውነትን እንድንነጋገር አዝዟል (ኤፌ. 4፥25)። ከዚህ በላይ፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ቢከለከል የሚከስበት ቦታ አያገኝም፤ ያዕቆብ እንኳ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ የለወጠበትን ላባን ፊት ለፊት መውቀስ ችሎ ነበር። ለወጣቶች ሥራንና ጉብኝትን አንድ ላይ የሚፈቅድ ቪዛ የሚሰጡ አገሮች አሉ፤ የአንቺ ፓስፖርት የሚፈቅድልሽ ከሆነ እርሱን አመልክቺ፤ የማይፈቅድልሽ ከሆነ ደግሞ ወሩን አሳጥረሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ብቻ ጎብኝተሽ ተመለሺ።