«ቲቸር፣ ለእኔስ የለም?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ልጆቹ ከጥር ጀምሮ «ቲቸር፣ የፍቅረኛሞች ቀንን እናክብር» እያሉ መቀመጫ ነሱኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሳነሳው ግን ነገሩ ተበላሸ። አንዲት እናት «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ፍቅረኛ አለው?» አሉ። አንድ አባት ደግሞ «የካቲት 12ን በቅጡ ሳያውቁ የፈረንጅ በዓል ልታስተምሪያቸው ነው?» ብለው ጻፉ። ዳይሬክተራችን «ወላጅ ከተስማማ ችግር የለም» ብለው ለእኔ ተዉት። ልጆቹ 46 ናቸው። ልተወው ወይስ ላክብረው? ካከበርኩትስ እንዴት?
ግራ የገባት መምህርት

መልስ፦ እህቴ፣ አክብሪው። የፍቅረኛሞች ቀን ብለሽ ግን አይደለም። እናትየዋ እውነታቸውን ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፍቅረኛ የለውም። ጓደኛ ግን አለው። ጓደኛ ያጣም አለ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ስሙን መቀየር ማጭበርበር አይደለም። ፊንላንዶች ያንኑ ፌብሩዋሪ 14 በቋንቋቸው የሚጠሩት «የጓደኛ ቀን» ብለው ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ ደግሞ የፍቅርና የወዳጅነት ቀን የሚውለው በእኛ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰዎች ዕጣ ያወጡና ስሙ ለደረሳቸው ሰው በምስጢር ስጦታ ያዘጋጃሉ። ይህን ዕጣ ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። የተባበሩት መንግሥታትም የወዳጅነት ቀን አለው፤ እሱ ግን ሐምሌ 23 ላይ ስለሚውል ልጆቹ ለክረምት ተበትነዋል።

አሁን የምነግርሽን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። አስተማሪ ሳለሁ ልጆቹን «ለምትወዱት ሰው ካርድ ሥሩ» አልኳቸው። በቃ፣ ሌላ ነገር አላልኩም። አንዲት ልጅ 11 ካርድ ደረሳትና ዴስኳ ላይ ደርድራ ትቆጥር ጀመር። ከኋላ ረድፍ ለሚቀመጥ አንድ ልጅ ግን ምንም አልመጣለትም። እጁን ዴስኩ ውስጥ ሰዶ ፈለገ። ምናልባት መሃል ገብቶ እንደሆን ብሎ ደብተሮቹን አንድ በአንድ አራገፈ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ ለእኔስ የለም?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፁ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ «ለምትወዱት» የሚለውን ቃል አትጠቀሚ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ትምህርት ቤቶች ካርድ የሚያመጣ ልጅ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ እንዲያመጣ ይደረጋል። ደግ ደንብ ነው። በአንቺ ክፍል ስናሰላው ግን 46 ልጅ ለየ45 ጓደኛው ሲሰጥ 2,070 ካርድ ይሆናል። ማን ይገዛዋል? ማንስ ያነበዋል? ዕጣው ይሻልሻል።

ስማቸውን በትንንሽ ወረቀት ጽፈሽ ጠቅልይና ሰኞ ዕጣ ያውጡ። የራሱ ስም የወጣበት መልሶ ያውጣ። ማን እንደደረሰው ለማንም አይናገርም። ከዚያ እስከ ሐሙስ ያን ልጅ ዝም ብሎ ይከታተለው፤ ምን ይችላል፣ ማንን ይረዳል፣ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይጫወታል። ሐሙስ ካርዱን እዚያው ክፍል ውስጥ ይሥሩት፤ ቤት ከሄደ የሚሠራው እናት ነው፣ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ባለቀለም ወረቀት፣ መቀስና ኮላ ይበቃል። ወረቀት የሌለው ልጅ ካለ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ቆንጆ ካርድ ይወጣል።

ዋናው የሚጻፈው ነገር ነው። «እወድሻለሁ» አይጻፍ። «ጎበዝ ነህ»ም አይበቃም፣ ለማንም ይባላላ። በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ «ላጲስ ስረሳ ያንቺን በጥርስሽ ለሁለት ቆርጠሽ ግማሹን ሰጠሽኝ።» እንዲህ የተጻፈላት ልጅ ያቺን ወረቀት ዓመቱን ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛት ትዞራለች። የሚጽፈው ልጅም አራት ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ላይ ዓይኑን ጥሎ ከርሟል ማለት ነው፣ ይህም ትምህርት ነው።

ሐሙስ ማታ 46ቱንም አንብቢያቸው፣ እባክሽ አንዱንም አትለፊ። የሚያሾፍ ነገር ካገኘሽ ልጁን ጠዋት ለብቻው ጠርተሽ እንደገና አስጽፊው። ቀርቶ ያልጻፈ ልጅ ካለ የእሱን ፈንታ አንቺ ጻፊ። ምግብ እኔ ብሆን ጭራሽ አላስገባም። ዓርብ ጾም ነው፣ ወቅቱም ከነነዌ ወይ ከዐቢይ ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል፣ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት ወደዚሁ ሰሞን መጥቷል። ባለ ወተት ቸኮሌት ተከፋፍሎ ሦስት ልጅ እያየ ከሚቀር ቢቀር ይሻላል።

አባትየውም አልተሳሳቱም። ፌብሩዋሪ 14 የካቲት 7 ቀን ነው፣ አንዳንድ ዓመት 6። የሰማዕታት ቀን ከዚያ ወዲያ ሳምንት አይሞላም። ታዲያ ምን ያጣላቸዋል? ልጆቹን ይዘሽ ወደ ስድስት ኪሎ ውጪ፣ ሐውልቱ ከእናንተ በእግር ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሰው ለሦስት ቀን በየቤቱና በየመንገዱ እንዴት እንደተጨፈጨፈ ለዕድሜያቸው በሚሆን ቋንቋ ንገሪያቸው። እኚያን አባትም አብረዋችሁ እንዲወጡ ጋብዢ። ከልባቸው ተቆርቁረው ነው የጻፉት፣ ደስ ብሏቸው የሚመጡ ይመስለኛል።

«የፈረንጅ ነው» ለሚሉሽ ደግሞ እንቁጣጣሽን አስታውሺያቸው። ወንዶች ልጆች በአዲስ ዓመት ጠዋት አበባና መላእክት ሥለው በየጎረቤቱ ሲያድሉ ነው ያደግነው፤ በእጅ የተሠራ ወረቀት መስጠት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ውድ ወላጆች፣ ዓርብ በክፍላችን የጓደኛ ቀን አለን። ሁሉም ልጅ አንድ ካርድ ይሰጣል፣ አንድ ካርድ ይቀበላል። የሚገዛ ነገር የለም።» መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሻት። ግማሹ ተቃውሞ ከኪስ ነው የሚመጣው፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ልጄ በዚሁ ቀን ለአምስት ሴት ጓደኞቿ ቀይ ጽጌረዳ ልግዛ ብላ ብር ጠየቀችኝ። ልስጣት?
አባት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ አቅምዎ ከፈቀደ ይስጧት። አበባው የራሳችን ነው፤ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ እርሻዎች እየተቆረጠ በዚህ ሰሞን በገፍ ወደ ሆላንድ ይጫናል። ወጪው ከበዛብዎት ለየአንዳንዷ አንድ አንድ ዘለላ ይበቃል፣ እቅፍ አያስፈልግም። ብሩን ከመስጠትዎ በፊት ግን ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉና የአምስቱን ስም ትንገርዎ። የትኛዋ የት እንደምትኖር፣ የትኛዋ እንደምታስቃት፣ ከየትኛዋ ጋር ባለፈው ሳምንት እንደተኳረፉ ታጫውትዎት። ስልክዎን ያስቀምጡና ይስሟት።