«ሾኩን አስቀየርኩ፤ ኳኳታው ግን አልለቀቀኝም»

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። በሰፈራችን የኮብልስቶን መንገድ ላይ በዝግታ ስነዳ ከፊት በቀኝ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አስፋልት ስገባ ይጠፋል። ሁለቱን የፊት ሾኮች በአዲስ አስቀየርኩ፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ ብራቾውን (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን የታች ክንድ) እና ቦል ጆይንቱን (ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያገናኘውን ኳስ መሰል መጋጠሚያ) እንድቀይር ተነግሮኛል። ሌላ ወጪ ከማውጣቴ በፊት ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ድምፁ የትና መቼ እንደሚሰማ ለይተው መጻፍዎ ግማሹን ሥራ አቅልሎልናል። ኮብልስቶን የግራና የቀኙን ጎማ በየተራ ስለሚያነሳና ስለሚጥል፣ በዚያ ላይ በዝግታ ሲነዳ የሚሰማ ቀላልና ተደጋጋሚ ኳኳታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከስታብላይዘር ሊንክ ነው። ሊንኩ ስታብላይዘር የተባለውን አግድም ብረት ከሾኩ ጋር የሚያገናኝ፣ በሁለቱም ጫፉ ኳስ መሰል መጋጠሚያ ያለው አጭር ዘንግ ነው። ስታብላይዘሩ ሥራ የሚበዛበት የሁለቱ ጎማዎች ከፍታ ሲለያይ ስለሆነ፣ ብሬከር ላይ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ሲወጡ ድምፁ ከቀነሰ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል።

ማረጋገጫው ምንም ዕቃ አያስገዛም። ስታብላይዘሩ የመኪናውን ክብደት ስለማይሸከም፣ መካኒክዎ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትቶ ጫፎቹ ጎማውንም ሆነ የፍሬን ጎማ ቱቦውን እንዳይነኩ ካሰራቸው በኋላ፣ በዚያው ኮብልስቶን ላይ በእግረኛ ፍጥነት ጥቂት ሜትር ይንዱ። መኪናው መታጠፊያ ላይ ከወትሮው ይበልጥ ስለሚያዘነብል ወደ ዋና መንገድ አይውጡ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ወይ ከሊንኩ ነው፣ ወይ ስታብላይዘሩን ከሥር ከሚይዘው ጎሚኒ (የላስቲክ መያዣ)።

ካልጠፋ ወደ አዲሱ ሾክ አናት ይመለሱ። ሾክ ሲቀየር አሮጌው የላይ ማውንቲንግ (የሾኩን አናት ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው መያዣ) ተመልሶ መገጠሙ፣ የመሐሉ ዳዶም በደንብ ሳይጠብቅ መቅረቱ የተለመደ ነው። መኪናው ቆሞ ሌላ ሰው መሪውን ዳር እስከ ዳር ሲያዞር እጅዎን ማውንቲንጉ ላይ ያሳርፉ፤ ሞላው እየተያዘ ድንገት «ጓ» ብሎ ሲለቅ መዳፍዎ ላይ ይሰማዎታል።

ቦል ጆይንት ከተላቀቀ ጎማውን ወደ ጎን የሚያጋድም አደገኛ ክፍል ስለሆነ መፈተሹን እደግፋለሁ፤ ሳይፈተሽ መቀየሩን ግን አልስማማበትም። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በብረት መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥና ይድገሙት፤ መነቃነቁ ከቆመ ጥፋቱ ጎማው የሚሽከረከርበት የኩሽኔታ ነው፣ ካልቆመ ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ። ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ብቻ የሚላወስ ከሆነ የመሪው ታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ ይታይ። የብራቾ ጎሚኒ ሲያረጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ከበድ ያለ ድምፅ የሚሰጠው ፍሬን ሲያዝና መኪናው ሲነሳ ነው፤ እርስዎ ይህን አልጠቀሱም።

ብራቾው የግድ የሚቀየር ከሆነ የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በአራቱም ጎማዎቹ መሬት ከያዘ በኋላ መሆን አለበት፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያም አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠሩ። ሊንክ ብቻ ከተቀየረ ግን አላይመንት አያስፈልግም።